የተዘጋ ባይፓስና ሌዘር፦ ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የልብ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ሰላም ዶክተር። አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርም አለባቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ህንድ ሄደው የልብ ባይፓስ ተሠርተዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ ቤት እያሉ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ጨጓራ መስሎን ወተት ሰጥተናቸው አደሩ። በማግስቱ ሲብስባቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሀርት አታክ ነው ተባለ። ከቀናት በኋላ አዲስ አበባ ሄደው አንጂዮግራም (የልብ ቧንቧ ፎቶ) ተነሡ። ከእግራቸው ተወስደው ከተተከሉት ሁለት ቧንቧዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፣ ሁለተኛው ጠቧል፣ ከደረታቸው የተወሰደው ግን ደህና ነው ተብለናል። መድኃኒት ይዘው ተመለሱ፤ አሁን ሕመም የላቸውም። እኔ ደግሞ የተዘጋ ባይፓስ በሌዘር ይከፈታል የሚል ነገር አየሁ። ዘመድ ሁሉ ቤት ሸጠን ውጭ እናሳክማቸው እያለ ነው። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ ፈጣሪ አባትህን ይማርልህ። ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ቤት ሸጠን» የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ መልሱን ላስቀድመው። ለሌዘር ብላችሁ ቤት አትሽጡ። የጻፍክልኝ ሁሉ ልክ ከሆነ፣ ሌዘሩ ሊጠቅም የሚችልበት ሰዓት ለአባትህ አልፏል። ይህን ስል የሚደረግላቸው ነገር አለቀ ማለቴ አይደለም። ብዙ አለ። አብዛኛውም ቤት የሚያሸጥ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደምል ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ስታውቀው ዘመድ ለማስረዳትም ይቀልሃል።

ባይፓስ ማለት የጠበበውን የልብ ቧንቧ ትቶ ለደሙ ሌላ ማለፊያ መሥራት ነው። የጠበበው የልቡ የራሱ ቧንቧ፣ ከዚህ በኋላ «የራስ ቧንቧ» የምለው፣ ተቆርጦ አይወጣም፤ እዚያው ይቆያል። ይህን ያዝልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። ማለፊያው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ በደረት ግድግዳ በውስጥ በኩል የሚወርደው ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ሌላው ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት ከሚሄደው ረጅም የእግር ደም መልስ ይቆረጣል። አባትህ እግራቸው ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። አርጀንቲናዊው ቀዶ ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የእግር ቧንቧን ለልብ ማለፊያ አድርጎ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና በዓለም ዙሪያ ብዙ ሚሊዮን ሰው አትርፏል።

የሁለቱ ቧንቧዎች ዕድሜ ግን እኩል አይደለም። የደረቱ ከ10 ዓመት በኋላም ከ10 ሰው በ9ኙ ክፍት ሆኖ ይገኛል። የእግሩ በ10 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ይዘጋል። ስለዚህ አባትህ ላይ የደረሰው በዘጠነኛው ዓመት የሚጠበቅ ነገር ነው። ህንድ የሠራቸው ሐኪም አጥፍቶ ነው ብላችሁ አትብከንከኑ። የእግር ደም መልስ ሲፈጠር ለዝቅተኛ ግፊት ነው። ልብ ላይ ሲተከል በአንድ ጀምበር የደም ቅዳ ግፊት ይወርድበታል። መጀመሪያ ግድግዳው ይወፍራል፤ ዓመታት ሲያልፉ ስብ ይጠራቀምበታል። ይህ ስብ እንደ ራስ ቧንቧ ስብ ጠንከር ያለ ሽፋን የለውም። ልል ነው፣ ይፈረፈራል። ስኳር፣ ሲጋራ፣ ሺሻና ኮሌስትሮል ደግሞ ነገሩን ያፋጥኑታል።

አንድ ቀን ያ ስብ ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ሀርት አታክ የሚመጣው ያኔ ነው። የማለፊያው ቧንቧ ሰፊ ነው፤ መሐል ላይ ቅርንጫፍም የለውም። አንድ ቦታ ሲደፈን ውስጡ ያለው ደም መሄጃ አጥቶ ይቆማል፤ የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። ስለዚህ በራስ ቧንቧ ላይ የረጋው ደም ጥቂት ሚሊሜትር ሊሆን ሲችል፣ እዚህ ግን ቧንቧው ከላይ እስከ ታች ጢም ብሎ ሊሞላ ይችላል።

እኛ የልብ ሐኪሞች የምንፈራውም ይህንን ነው። የድሬን ወንዝ፣ ደቻቱን፣ ክረምት ላይ አይተኸዋል። ከተራራው የጫነውን አሸዋና ድንጋይ የሚያራግፈው ታች፣ ከተማው ላይ ነው። የተዘጋ ማለፊያ ውስጥም ባሉን፣ ማለትም ቧንቧውን ለማስፋት የሚገባው ትንሽ ፊኛ፣ ሲነፋ የረጋው ደምና ስቡ ይፈረፈርና ወደ ታች ይወርዳል። ቅርንጫፍ ስለሌለ ሌላ መሄጃ የለውም። በቀጥታ የልብ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች ይደፍናል። ከዚያ በስክሪኑ ላይ ትልቁ ቧንቧ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይታያል፤ ደሙ ግን አያልፍም። ታካሚው ሕመሙ ይብስበታል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሥራውን በደንብ ጨረስኩ ባልክበት ሰዓት እንዲህ ሲሆን ማየት በጣም ከባድ ነው።

ለዚህ መላ ሲፈለግ ብዙ ዘመን ሆኗል። አንዱ መላ ከጠበበው ቦታ በታች መከላከያ ማስቀመጥ ነው። መከላከያው ፍርፋሪውን የሚይዝ ወንፊት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደሙን ለጊዜው የሚያቆም ትንሽ ባሉን ይነፋና ፍርፋሪው ተመጥጦ ይወጣል። ሴፈር የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ፣ በ801 ሰዎች ላይ ይህን የባሉን መከላከያ ሞክሮ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ከ16.5 በመቶ ወደ 9.6 በመቶ ወረደ። ትልቅ ለውጥ ነው። ችግሩ፣ ቧንቧው በረጋ ደም ከሞላ መከላከያውን ታች ማድረሱ ራሱ ያስቸግራል።

ሌላው መላ የረጋውን ደም በካቴተር፣ ማለትም ወደ ደም ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ መምጠጥ ነው። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቀይ ጓል የመሰለ ነገር ከሲሪንጁ ሲወጣ ሁሉም ሰው በሽታው ወጣ ይላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ቶታል የተባለው ጥናት ውጤቱን አሳወቀ። በራስ ቧንቧቸው መዘጋት ሀርት አታክ የያዛቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩበት። ለሁሉም ሰው መምጠጥ ሞትን አልቀነሰም፤ ይባስ ብሎ ስትሮክ ጨመረ። ዛሬ የሚመጠጠው ተመርጦ ነው።

ሌዘሩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ስሙ ኤክሳይመር ሌዘር ይባላል። ብዙ ሰው ሌዘር ሲባል እሳት ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ዜኖን ክሎራይድ ከተባለ ጋዝ የሚወጣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 308 ናኖሜትር። ብልጭ ድርግም እያለ በአጭር በአጭሩ ይተኮሳል። ወደ ግድግዳው የሚዘልቀው 0.05 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የነካውን ስብና የረጋ ደም ሞለኪውሎቹን ይበጣጥሳል፣ ውሃውን ያተናል፤ ትናንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና የቀረውን ያደቁታል። ከዚያ የሚወጣው ፍርፋሪ አብዛኛው ከ10 ማይክሮን በታች ስለሆነ ቀጭኑን ቧንቧ ሳይደፍን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሌዘሩ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባሉን የሚጨፈልቀውን እሱ ያሟሟዋል።

ሥራው በተግባር ይህን ይመስላል። ሌዘሩ ከመተኮሱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ታካሚውም ጭምር፣ መከላከያ መነጽር ያደርጋል። በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት ካቴተር ይገባል። ውፍረቷ 0.36 ሚሊሜትር የሆነች ሽቦ የረጋውን ደም ሰንጥቃ ታች ድረስ ማለፍ አለባት። ሽቦዋ ካላለፈች ሌዘሩ መሄጃ የለውም። ቀጥሎ የሌዘር ካቴተሩ በሽቦዋ ላይ ይነዳል። ከዚያ ሳላይን፣ ማለትም ንጹሕ የጨው ውሃ፣ ይገፋል። ለምን መሰለህ? ደሙና ለፎቶ የምንጠቀምበት ኮንትራስት ብርሃኑን ይውጡታል፤ የሚፈጠረው አረፋም በጣም ትልቅ ሆኖ ግድግዳውን ሊቀድ ይችላል። ሳላይኑ ያንን ያጥባል። ይህ እጥበት ከመለመዱ በፊት ብዙ ቧንቧ ተቀድዷል። አሁን ሐኪሙ ፔዳሉን ይረግጣል። በተለመደው አሠራር 5 ሰከንድ ይተኮሳል፣ 10 ሰከንድ ያርፋል። ካቴተሩ በሰከንድ 1 ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ፍጥነት ነው የሚገፋው። የሚቸኩል እጅ ብርሃኑ ሳይሠራ በጉልበት ሊሰረስር ይሞክራል፤ ቧንቧ የሚበሳው ያኔ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ ማሽኑን የሚነዳው ሰው ልምድ ይበልጥብኛል።

የሌዘር ካቴተሩ ውፍረት ከ0.9 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ማለፊያ ቧንቧው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ስለዚህ ሌዘሩ ብቻውን ቧንቧውን አይከፍተውም። ጠባብ ቀዳዳ ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ባሉን ይገባል፣ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የሚባል የብረት መረብ ይቀመጣል። በሌዘር ከፈትንለት የሚል ማስታወቂያ ስታይ ይህን አስታውስ።

ማስረጃው ምን ያህል ነው? ሀርት አታክ ላይ ባሉ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሰው ካርሜል የተባለው ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። 151 ሰዎች ነበሩበት። ከአምስቱ በአንዱ ገደማ የተዘጋው ከእግር የተተከለ ማለፊያ ነበር። በአብዛኞቹ ላይ ብዙ የረጋ ደም ነበረ። በ91 በመቶው ሥራው ተሳካ። ጥበቱ በአማካይ 83 በመቶ የነበረው ከሌዘር በኋላ 52፣ ከስቴንት በኋላ 20 ሆነ። ፍርፋሪ ወደ ታች የወረደባቸው 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት ከባድ ታካሚ ይህ የሚያስደስት ቁጥር ነው።

ግን ካርሜል ማነጻጸሪያ አልነበረውም። ሁሉም ሌዘር ተደረገላቸው፤ ያለ ሌዘር ቢሠሩ ምን ይሆኑ እንደነበር ጥናቱ አይነግረንም። የተረጋጉ ታካሚዎች ላይ ግን ማነጻጸር ተሞክሯል። አምሮ የተባለው የአምስተርዳምና የሮተርዳም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 በራስ ቧንቧ ላይ ሌዘርን ከተራ ባሉን ጋር አወዳደረ፤ ሌዘሩ ብልጫ አላሳየም። ያ የስቴንትና የሳላይን እጥበት ዘመን ገና ሳይለመድ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አልፈርድም። እንደ እኔ ግምት ሌዘር ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ጠባብ ቦታ ግን ነው ያለው። ሀርት አታኩ ትኩስ ሲሆን፣ ማለፊያው በረጋ ደም ሲሞላ፣ ሽቦዋ ካለፈች፣ ማሽኑም የለመደው ሰውም እዚያው ክፍል ካሉ ይጠቅማል። ማሽኑ ባላቸው በአውሮፓና በአሜሪካ ማዕከላት እንኳ የሚወጣው ለጥቂት ታካሚ ነው።

አሁን ወደ አባትህ እንመለስ።

የአባትህ ሀርት አታክ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያ ማለፊያ ይመግበው የነበረው ጡንቻ ውስጥ የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሞቷል፤ የተረፈውም በሌላ በኩል ደም እያገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦት የተባለ ጥናት ታትሟል። ሀርት አታክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 28 ቀን የሆናቸው፣ የተረጋጉ፣ ቧንቧቸው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የቀረ 2,166 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ተከፈተላቸው፣ ግማሾቹ በመድኃኒት ብቻ ቆዩ። በሞትም፣ በድጋሚ ሀርት አታክም፣ በልብ ድካምም የተከፈተላቸው አልተሻሉም። ይህ በራስ ቧንቧ ነው። በቆየ፣ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ የእግር ማለፊያ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2021 የአሜሪካ መመሪያ ግልጽ ነው፤ ለመክፈት አትሞክሩ፣ ጥቅም የለውም ይላል። ቢከፈትም መልሶ ይዘጋል። ሌዘር ይህን አይቀይረውም። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላችሁ፣ አውሮፕላን ተሳፍራችሁ፣ ተመልሶ ለሚዘጋ ቧንቧ መሄድ ነው የሚሆነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተዘጋው ሳይሆን የጠበበው ነው። በጥያቄህ ውስጥ በግማሽ ዐረፍተ ነገር አልፈኸዋል። የተዘጋው ጉዳቱን አድርሶ ጨርሷል። የጠበበው ግን ዛሬም ሕይወት ያለው ጡንቻ እየመገበ ነው፤ ነገ ከተዘጋ ሁለተኛ ሀርት አታክ ይሆናል። ስለዚህ የቤተሰቡ ጉልበትና ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደዚህ ቧንቧ ነው። አንጂዮግራሙን የሠሩትን ሐኪም ተመልሳችሁ ጠይቁ። ስንት በመቶ ጠቧል? የትኛውን የልብ ክፍል ነው የሚመግበው? ስቴንት ያስፈልገዋል ወይስ በመድኃኒት ይጠበቃል? ስቴንት ከተባለ መከላከያ አድርጎ መሥራት ይቻላል?

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ። የራሳቸው ቧንቧ እንዴት ነው? ማለፊያው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ቧንቧ እዚያው ነው ያለው። አንዳንዴ ማለፊያውን ትቶ በራሳቸው ቧንቧ በኩል ስቴንት ማስገባት ይቻላል። የሚቻልበት ቦታ ላይ ብዙዎቻችን እሱን እንመርጣለን፤ የሚፈረፈር ስብ ውስጥ ከመግባት ይሻላል። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ የራስ ቧንቧ መክፈት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነውና፣ የምትጠይቁት ሐኪም እሱን የሚሠራ መሆኑን እወቁ። ሁለተኛ የባይፓስ ቀዶ ሕክምናም አለ። አደጋው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። የደረት ቧንቧቸው ደህና ሆኖ እየሠራ ሳለ ደረታቸውን እንደገና ለማስከፈት አልቸኩልም።

ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነሥተዋል? የልብ ጡንቻቸው ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ጥሩ ከሆነ ትልቅ እፎይታ ነው። ከደከመ ለድካሙ የሚሰጥ በቂ መድኃኒት አለ፤ መጠኑ በየጊዜው ቀስ እያለ ከፍ ይደረጋል። ለዚህ በየጊዜው ድሬዳዋ ያለ ሐኪም ማየት ይበቃል።

መድኃኒቱ ላይ አደራ እላለሁ። አስፒሪን በየቀኑ ነው፤ እስከ ዕድሜ ልክ። ሁለተኛ የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ አንድ ቀን እንኳ አይዘለል። የኮሌስትሮል መድኃኒታቸው ደግሞ በከፍተኛ መጠን መሆን አለበት። ለእንደ እሳቸው ዓይነት ሰው የአውሮፓ መመሪያ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ55 ሚሊግራም በታች ይውረድ ይላል። ላቦራቶሪ ሄዳችሁ አስለኩት። ሻል ሲላቸው መድኃኒቱ በቃኝ የሚሉ አባቶች በብዛት ያጋጥሙኛል። ሻል ያላቸው መድኃኒቱን ስለወሰዱ መሆኑን ቀስ ብለህ አስረዳቸው። ጾም ላይ ሰዓቱ ከተዛባም ራሳቸው እንዳይቀንሱ፤ ሐኪሙ ለሱሑርና ለኢፍጣር ወይም ለጾም መፍቻ ሰዓት አመቻችቶ ይሰጣቸዋል።

አባትህ ይቅሙ አይቅሙ አልጻፍክም። ድሬ ነውና ሳልጠይቅ አላልፍም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ የልብን ቧንቧ ያኮማትራል። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች አብዝቶ መቃምን ከሀርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ሌላም ያሳዩት ነገር አለ። ሀርት አታክ በሌላው ዓለም የሚበዛው ጠዋት ነው። በሚቅሙ ሰዎች ላይ ግን ከሰዓት በኋላና ማታ በዝቶ ታየ። በርጫው ደርቶ፣ ሁሉም ተመርቅኖ፣ ሺሻው እየዞረ፣ አንዱ ደረቴን ከበደኝ ሲል ጫቱ ነው፣ ሚሪንዳ ጠጣበት ይባላል። ሰዓቱ እንዲሁ ያልፋል። ሰው ከኖረበት ባህል በአንድ ቀን ተነሥ እንደማይባል አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። ግን ባይፓስ ላለበት፣ ሀርት አታክ ለያዘው ሰው በመጠኑ ቃም የምለው መጠን የለኝም። ይተዉ። ከጓደኞቻቸው ጋር መቀመጡን አይተዉ፤ ቡናውን በልክ ይጠጡ፣ ጨዋታውን ይጫወቱ።

አሁን የማልዘለው ነገር ላይ ደረስኩ። ያቺን ሌሊት። ወተት ሰጥታችሁ ማደራችሁን ስትጽፍ ምን እየተሰማህ እንደነበር ይገባኛል። ጥፋተኛ ልላችሁ አይደለም፤ ጨጓራ መስሎት የሚያድር ሰው በጣም ብዙ ነው። ስኳር ባለበት ሰው ደግሞ ምልክቱ ይደበዝዛል። ለውጥ ሊያመጣ የሚችለው ነገር ግን ያለው ከሌዘሩ ይልቅ በዚያ ሌሊት ውስጥ ነበር። የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ነው የሚሞተው። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው ጥቅሙ እየጠፋ ይሄዳል። ስቴንትም ቢሆን በትኩሱ ሲሆን ነው ጡንቻ የሚያተርፈው።

ስለዚህ ከፊታችን ላለው ጊዜ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ። ደረት ላይ ጭንቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ ሕመም፣ ድንገተኛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት ማቅለሽለሽ ከመጣና ደቂቃዎች ከቆየ ሀርት አታክ ነው ብላችሁ ተነሡ። ለአስፒሪን አለርጂ ከሌለባቸው፣ የሚደማ ቁስልም ከሌለ፣ 300 ሚሊግራም ያህል አስፒሪን አኝከው ይዋጡ። አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ውሰዷቸው፤ እሳቸው ግን በእግራቸው እንዳይሄዱ። ድል ጮራ ይሁን፣ ሐረር ላይ ከሆኑ ሕይወት ፋና፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ግቡ። አዲስ አበባ ይሻላል ብላችሁ በሌሊት መኪና አስነሥታችሁ እንዳትሄዱ። መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ሕክምና ያልጀመረ የልብ ሕመምተኛ በዚያ መንገድ ላይ መሆን የለበትም።

ደጃፉ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት «ባይፓስ ተሠርተዋል» የሚለውን ነው። የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚመዘግበውን ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሡ ጠይቁ። ባይፓስ የተሠራ ሰው ኢሲጂ ብዙ ጊዜ ግልጽ አይሆንም። የመጀመሪያው ደህና ነው ቢባልም ሕመሙ ካለ እንዲደገም በትሕትና አሳስቡ። ስቴንት ወደሚገባበት ቦታ በ120 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ካልተቻለ፣ ኢሲጂው የቧንቧ መዘጋት ካሳየና የመድማት አደጋ ከሌለባቸው፣ መመሪያው የሚለው የሚያሟሟውን መድኃኒት እዚያው ስጥና ከዚያ ላክ ነው። በማለፊያ ቧንቧ ላይ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ደከም ብሎ ነው፤ የረጋው ደም ብዙ ነዋ። ቢሆንም ባዶ እጅ ከመጠበቅ ይሻላል። መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ የት እንደሚገኝ አሁን፣ ደህና ሳሉ፣ ሐኪማቸውን ጠይቁ። በጭንቅ ሰዓት ከፋርማሲ ፋርማሲ መሯሯጥ በጣም ብዙ ደቂቃ ይበላል።

ወረቀቶቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የማውቃቸው አንዲት የሐረር እናት ኢሲጂያቸውን ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ይዞራሉ። አንድ ቀን ደረታቸውን አመማቸው፤ ተረኛው ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አይቶ ወዲያው ለውጡን አገኘው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ግን የኢሲጂ ወረቀት አብዛኛው ሙቀት ሲነካው የሚደበዝዝ ዓይነት ነው፤ በድሬ ሙቀት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በስልክ ፎቶ አንሡትና ሁለት ሦስት ሰው ጋ ይቀመጥ። የአንጂዮግራሙን ሲዲም ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ከህንድ ያመጡት የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ካለ ፈልጉት። የትኛው ቧንቧ ከየት ተነሥቶ የት እንደተሰፋ የሚናገረው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ካቴተር የሚሠራው ሐኪም የማለፊያውን አፍ ፍለጋ ብዙ ኮንትራስት ይጨርሳል፤ ስኳር ባለበት ሰው ደግሞ ኮንትራስቱ ኩላሊት ይጎዳል።

ዘመድ አሁንም ውጭ ይሂዱ ካለ፣ ከመሄዳቸው በፊት ሲዲውና ሪፖርቱ ይሂዱ። የተሠሩበት ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የልብ ሐኪም አይቶ ስለ ጠበበው ቧንቧ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። መልሱ ላይ የተዘጋውን በሌዘር እንከፍታለን የሚል ብቻ ካለ፣ ስለ ጠበበውና ስለ ራሳቸው ቧንቧ ካልተነሣ፣ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። አንተም የጠበበው ስንት በመቶ እንደሆነና የኢኮውን ውጤት ስሙን አጥፍተህ ጻፍልኝ፤ ስለ እሱ ለብቻ እመልስልሃለሁ።